በፍራንክፈርት በኩል ለምታልፉ፦ አስቀድማችሁ የበሩን ፊደል አንብቡ

ባለፉት ስድስት ዓመታት በፍራንክፈርት አየር ማረፊያ በኩል ዘጠኝ ጊዜ አልፌያለሁ። በመጀመሪያው ጉዞዬ ሦስት ሰዓት ሙሉ በእጄ እያለ አውሮፕላን አመለጠኝ፤ ከዓመታት በኋላ ደግሞ ከእናቴ ጋር ሆኜ በአንድ ሰዓት ከሩብ ውስጥ ምንም ሳንሮጥ ከአንዱ በረራ ወደ ሌላው ተሻግረናል። በመካከሉ የተማርኩት ዋና ነገር ቦርዲንግ ፓሱ ላይ ከበሩ ቁጥር በፊት የምትጻፈዋን አንዲት ፊደል ማንበብ ነው። ይህን የምጽፈው በዚያ በኩል ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያልፉ፣ በተለይም በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለሚጓዙና ወላጆቻቸውን ብቻቸውን ለሚልኩ ሰዎች ነው።

መጀመሪያ የሄድኩት ለትምህርት ወደ ስቶክሆልም ነበር። ከአዲስ አበባ ሌሊት ተነሥቶ ንጋት ላይ ፍራንክፈርት ከሚያርፈው አውሮፕላን ስወርድ ቀጣዩ በረራዬ ሦስት ሰዓት ይቀረው ስለነበር፣ ፓስፖርቴ የሚታየው ስዊድን ስደርስ ነው ብዬ አንድ ወንበር ላይ ተዘርፍጬ ቡናዬን እየጠጣሁ ቆየሁ። ስህተቴ ይህ ነበር። ወደ ሸንገን አገሮች፣ ማለትም በመካከላቸው የፓስፖርት ቁጥጥር ወዳስቀሩት የአውሮፓ አገሮች፣ የሚጓዝ ሰው የመግቢያ ቁጥጥር የሚደረግለት በመጨረሻ መድረሻው ሳይሆን መጀመሪያ በሚያርፍበት የሸንገን አገር ነውና፣ ለእኔ የአውሮፓ ደጃፍ ስቶክሆልም ሳይሆን እዚያው ከፊቴ ያለው አዳራሽ ነበር። ቡናዬን ጨርሼ ወደ በሬ ሳመራ መጀመሪያ የእጅ ቦርሳ ፍተሻ ገጠመኝ፤ ፍተሻውን አልፌ ደረጃውን ስወርድ ደግሞ መጨረሻው የማይታይ የፓስፖርት ሰልፍ ጠበቀኝ። ከመስታወቱ ጀርባ የተቀመጡት ፖሊሶች ጥቂቶች ነበሩ፤ ከፊቴ የቆሙት ሰዎች በመቶዎች ይቆጠራሉ። ተራዬ ደርሶ ማህተሙ ሲያርፍልኝ በረራዬ የሚዘጋበት ሰዓት አልፎ ነበር።

ያ ሰልፍ በአጋጣሚ የተፈጠረ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ፍራንክፈርት ላይ ከ23፡00 እስከ 5፡00፣ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት፣ መደበኛ በረራ እንዳይነሣም እንዳያርፍም ተከልክሏል፤ በአካባቢው የሚኖሩ ሰዎች ስለ አውሮፕላን ጩኸት ለዓመታት ሲከራከሩ ቆይተው ያገኙት እፎይታ ነው። በዚህ የተነሣ ከአፍሪካ፣ ከእስያና ከአሜሪካ ሌሊቱን ሲበሩ ያደሩ አውሮፕላኖች በሩ እንደተከፈተላቸው ተከታትለው ይወርዳሉ፣ ተሳፋሪዎቻቸውም በአንድ ጊዜ ወደ ፓስፖርት መስኮቱ ይጎርፋሉ። የእኛም በረራ ከእነዚህ መካከል ነው። ስለዚህ ንጋት ላይ አርፋችሁ ወደ ሌላ የሸንገን ከተማ የምትቀጥሉ ከሆነ ቡናውን ተዉትና ቀጥታ ወደ ሰልፉ ሂዱ፤ ቡና ከቁጥጥሩ ወዲያም አለ። በተጨማሪም እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 12 ቀን 2025 ጀምሮ የአውሮፓ አገሮች ለአጭር ጊዜ ቆይታ የሚገባን የሌላ አገር ዜጋ አሻራና ፎቶግራፍ በኤሌክትሮኒክ መዝገብ መያዝ ስለጀመሩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገባ ሰው መስኮቱ ጋ ከቀድሞው የበለጠ ጊዜ ይወስድበታል።

አሁን ወደ ፊደሎቹ ልምጣ። ተርሚናል 1 የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1972 ሲሆን በዚያን ጊዜ ሸንገን የሚባል ስምምነት በሐሳብ ደረጃም አልነበረም። ስምምነቱ ከዓመታት በኋላ ሲመጣ አንድን ነባር ሕንፃ «ከድንበሩ ወዲህ» እና «ከድንበሩ ወዲያ» ብሎ መክፈል ግድ ሆነ፤ ተጓዡን ግራ የሚያጋባው ደረጃ የመውጣትና የመውረድ፣ በመስታወት ማዶ የሚታየው በር ጋ ለመድረስ ረጅም ዙሪያ የመሄድ ነገር በአመዛኙ የመጣው ከዚህ ነው። በተርሚናል 1 ያሉት ፊደሎች ኤ፣ ቢ፣ ሲ እና ዜድ ናቸው። ኤ የሸንገን በረራዎች ናቸው። ዜድ ደግሞ እዚያው ኤ ካለበት ሕንፃ በላይኛው ፎቅ ላይ ሆኖ ከሸንገን ውጭ ለሚሄዱ በረራዎች የተመደበ ነው። በፊደል ተራ ኤ እና ዜድ ጫፍና ጫፍ ቢሆኑም በፍራንክፈርት ግን አንዱ ከሌላው አናት ላይ ነው የተቀመጠው፤ የሚለያቸው የፓስፖርት ቁጥጥር ነው። ቢ ዘንድ ሁለቱም ዓይነት በረራዎች ስላሉ ፊደሏን ብቻ አይታችሁ አትደምድሙ፣ መንገዱ ላይ ያሉትን ምልክቶች ተከተሉ።

እንግዲህ አውሮፕላናችሁ ቢ ላይ አውርዷችሁ ቀጣዩ በር ዜድ ከሆነ ከድንበሩ ውጭ ሆናችሁ ትቀጥላላችሁ፤ ፍተሻ ይኖራል፣ የመግቢያ ማህተም ግን አያስፈልግም። ቀጣዩ በር ኤ ከሆነ ግን ወደ ጀርመን እየገባችሁ ነው፤ ቪዛም ሰልፍም አለው። በቢ እና በኤ መካከል ከመሬት በታች የሚያገናኝ ረጅም መተላለፊያ አለ፣ በአሳንሰር ይወረዳል፤ አረጋዊ ይዛችሁ ከሆነ እዚህ ላይ ጊዜ ይሄዳል። ከተርሚናል ወደ ተርሚናል የሚያደርሰው ስካይላይን የተባለ ያለ ሹፌር የሚሄድ ባቡር ነው። የተርሚናል 2 አየር መንገዶች በደቡብ በኩል ወደተሠራው ተርሚናል 3 እንዲዛወሩ ስለተወሰነ፣ በቀድሞ ጉዞ የምታውቁትን ተርሚናል አትመኑ፤ ትኬታችሁ ላይ የተጻፈውን የተርሚናል ቁጥር በየጉዞው እንደ አዲስ ተመልከቱ።

በተርሚናል 1 ውስጥ አውሮፕላን ለመቀየር በይፋ የተቀመጠው ዝቅተኛ ጊዜ 45 ደቂቃ ነው፤ የትኬት ቢሮዎችም ኮምፒውተሩ ፈቅዷል ብለው 55 ደቂቃ ያለውን ትኬት ሲሸጡ ምንም አይመስላቸውም። እኔ አልገዛውም። አውሮፕላኑ ከሕንፃው ጋር ሳይጣበቅ ራቅ ብሎ ከቆመ በደረጃ ወርዶ አውቶቡስ መጠበቅ አለ፣ አውቶቡሱ እስኪሞላ መቆም አለ፣ ከዚያም ሜዳውን መዞር አለ። አንድ ጊዜ ሰዓት ይዤ ለክቼ ከመቀመጫዬ እስከ ሕንፃው በር ብቻ 31 ደቂቃ ወስዶብኛል። ከድንበሩ ውጭ ለሚቀጥል ሰው ሁለት ሰዓት፣ ጠዋት ወደ ሸንገን ለሚገባ ሦስት ሰዓት ብትይዙ ሰላም ታገኛላችሁ፤ ሁለቱ በረራዎች በአንድ ትኬት ላይ ካሉና በመዘግየት ካመለጣችሁ አየር መንገዱ ሌላ በረራ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ለየብቻ የተገዙ ከሆነ ግን ኪሳራው የእናንተ ነው።

የቪዛውን ነገር ረዘም አድርጌ ልጻፍ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ጉዞው የሚሰናከለው ፍራንክፈርት ሳይደርስ ቦሌ ላይ ነው። የአጎቴ ልጅ የብራዚል ቪዛውን ይዞ፣ ሻንጣውን አስሮ፣ ቤተሰቡን ተሰናብቶ ቼክ ኢን ጋ ሲደርስ «የጀርመን የትራንዚት ቪዛ የታለ?» ተባለ። ትኬቱን የሸጡለት ሰዎች ከአየር ማረፊያው ስለማትወጣ ቪዛ አያስፈልግህም ብለውት ነበር። ለብዙ አገር ዜጎች ይህ እውነት ነው፤ ለእኛ ግን አይደለም። ኢትዮጵያ በአውሮፓ ኅብረት የቪዛ ሕግ ውስጥ የአየር ማረፊያ ትራንዚት ቪዛ ከሚጠየቁ አገሮች የጋራ ዝርዝር ውስጥ ስላለች፣ አንድ ኢትዮጵያዊ ከትራንዚት ክልሉ ሳይወጣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቀጣዩን አውሮፕላን ቢጠብቅ እንኳ ያንን ቪዛ አስቀድሞ ከኤምባሲው ማግኘት አለበት። ከዚህ ግዴታ ነፃ የሚሆኑት የጸና የሸንገን ቪዛ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ያላቸው፣ እንዲሁም የጸና የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይም የጃፓን ቪዛ የያዙ ሰዎች ናቸው፤ የአሜሪካ ግሪን ካርድ ያለውም ያልፋል። በቪዛው ተጠቅመው ከእነዚያ አገሮች የሚመለሱም አይጠየቁም። የአጎቴ ልጅ ግን ብራዚል በዝርዝሩ ስለሌለች ሻንጣውን እየጎተተ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ ለትኬቱም የተመለሰለት ገንዘብ ግማሹን አይሞላም።

ከዚህ ጋር የሚሄዱ ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው፣ ነፃ የሚያደርግ ቪዛ ቢኖራችሁም ጉዞው በሁለት የሸንገን ከተሞች ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከፍራንክፈርት ወደ ፓሪስ ከፓሪስ ወደ ሞንትሪያል ከሆነ፣ በሁለቱ መካከል ያለው በረራ የአገር ውስጥ በረራ ያህል ስለሚቆጠር በትራንዚት ማለፍ አይቻልም፤ መደበኛ የሸንገን ቪዛ ያስፈልጋል። ሁለተኛው፣ በርካሽ ብላችሁ ሁለት የተለያዩ ትኬቶችን ገዝታችሁ ሻንጣው እስከ መጨረሻው ካልተላከ፣ ሻንጣውን ለማንሣት የግድ ወደ ጀርመን መግባት ይኖርባችኋል፤ ያ ደግሞ ያለ ቪዛ አይሆንም። ቦሌ ላይ ሻንጣው ሲመዘን የሚታሰርበትን ወረቀት ዘወር አድርጋችሁ የመጨረሻው መድረሻችሁ ባለ ሦስት ፊደል ምልክት እንደተጻፈበት ሳታዩ ከመስኮቱ አትንቀሳቀሱ።

እህቴ ቶሮንቶ ስትወልድ እናቴ ልታርሳት ስትሄድ አብሬያት የሄድኩት እኔ ነበርኩ። የካናዳ ቪዛ ስላላት ትራንዚቱ አላስቸገረንም፤ ያስቸገረን የእጅ ቦርሳዋ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ ተጓዥ ቦሌ ላይ ቢፈተሽም ፍራንክፈርት ላይ እንደገና ይፈተሻል፤ እናቴ ደግሞ እኔ ሳላይ አንድ ኪሎ የሚሆን የተነጠረ ቅቤ በፕላስቲክ ዕቃ አድርጋ፣ በነጠላ ጠቅልላ፣ ከጸሎት መጽሐፏ ሥር ቀብራዋለች። ፈታሿ ዕቃውን አውጥታ፣ ጓንቷን እንዳጠለቀች ክዳኑን ከፍታ ወደ አፍንጫዋ ስታስጠጋው የኮረሪማውና የኮሰረቱ ሽታ እስከ እኔ ድረስ መጣ። ሴትየዋ ለአፍታ ዝም ብላ ቆየች፤ ከዚያ ራሷን ነቅንቃ ወደ ቆሻሻው አኖረችው። ቅቤ፣ ማር፣ ለጥልጥ ያለ ድልህ፣ የሚቀባ ነገር ሁሉ እንደ ፈሳሽ ስለሚታይ በእጅ ቦርሳ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በሆነ ዕቃ አትያዙ። ከቀረጥ ነፃ ሱቅ የተገዛ ፈሳሽ የሚያልፈው በታሸገው ልዩ ከረጢት ከደረሰኙ ጋር ሳይከፈት ሲቀርብ ነው። ጀርመን የምትቀሩ ከሆነ ደግሞ ቅቤውም ቋንጣውም በትልቁ ሻንጣ ቢሆን እንኳ አይፈቀድም፤ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሥጋና የወተት ውጤት በመንገደኛ እጅ ማስገባት ክልክል ነው። 10 ሺህ ዩሮና ከዚያ በላይ ጥሬ ገንዘብ ይዞ የሚገባ ሰውም ለጉምሩክ ማስመዝገብ አለበት።

ከባዱ ሌሊት ስንመለስ መጣ። ከቶሮንቶ ጠዋት ደርሰን ቀኑን ሙሉ ስንጠብቅ ቆይተን፣ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው በረራችን ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ሊነሣ ሲል ብልሽት ተገኘበት ተባለ። ሰዓቱ እየገፋ ሄዶ 23፡00ን ሲያልፍ ጉዳዩ አበቃ፤ አውሮፕላኑ ቢጠገን እንኳ ሜዳው ተዘግቷል። ለተሳፋሪዎቹ የሆቴል ወረቀት ታደለ፤ እኔ የስዊድን የመኖሪያ ፈቃድ ስላለኝ መውጣት እችላለሁ፤ እናቴ ግን የሸንገን ቪዛ ስለሌላት ሆቴሉ ከመስታወቱ ማዶ ሆኖ እዚያው ቀረን። በዜድ በኩል ከትራንዚት ክልል ሳይወጡ የሚታደርበት ማይ ክላውድ የሚባል ሆቴል አለ፣ ነገር ግን በዚያ ሌሊት ሞልቶ ነበር። ሠራተኞች ተጣጣፊ አልጋና ብርድ ልብስ አመጡልን። እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ብዙ ከተገላበጠች በኋላ «ይኼን ሁሉ መብራት ሌሊቱን ሙሉ የሚከፍለው ማነው?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በምሽት በረራ የሚሄድ ቤተሰቤ ሁሉ በእጅ ቦርሳው ሹራብ፣ የሚወስደውን መድኃኒትና የስልክ ቻርጀር እንዲይዝ እወተውታለሁ፤ የተላከ ሻንጣ በሌሊት አይመለስምና።

በዚህ አጋጣሚ ያወቅሁትን መብትም ልንገራችሁ። ከአውሮፓ ኅብረት አየር ማረፊያ የሚነሣ በረራ የየትኛውም አገር አየር መንገድ ቢሆን በኅብረቱ የመንገደኞች መብት ሕግ ይሸፈናል። ረጅም መዘግየት ሲኖር ምግብና ማደሪያ የአየር መንገዱ ወጪ ነው፤ ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ጉዞ መድረሻው ላይ ከአራት ሰዓት በላይ ተዘግይቶ ከተደረሰ ደግሞ ለአንድ ሰው 600 ዩሮ ካሳ ይከፈላል። ከአየር መንገዱ አቅም በላይ የሆነ ልዩ ምክንያት ካለ ካሳው ይቀራል፤ ተራ የቴክኒክ ብልሽት ግን እንደ ልዩ ምክንያት እንደማይቆጠር የአውሮፓ ፍርድ ቤት ወስኗል። ቦርዲንግ ፓሳችንን አስቀምጬ፣ የማስታወቂያ ሰሌዳውን በስልክ ፎቶ አንሥቼ ለአየር መንገዱ ጻፍኩ፤ መጀመሪያ አይመለከታችሁም የሚል መልስ መጣ፣ ደግሜ የሕጉን አንቀጽ ጠቅሼ ጻፍኩ፣ በአምስተኛው ወር የሁለታችንም ተከፈለ። ከኛ ጋር ያደሩ ብዙ ሰዎች ሳይጠይቁ እንደቀሩ አውቃለሁ።

ከአየር ማረፊያው ለምትወጡ ነገሩ ቀላል ነው። ከተርሚናል 1 ሥር ያለው የአካባቢ ባቡር ጣቢያ ነው፤ ኤስ 8 እና ኤስ 9 ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ዋናው የከተማ ጣቢያ ያደርሳሉ። መግቢያው ላይ የሚያግድ በር ስለሌለ ነፃ ይመስላል፤ ባቡሩ ውስጥ ተቆጣጣሪ ከመጣና ትኬት ከሌለ ቅጣቱ 60 ዩሮ ነው። ወደ ሩቅ ከተማ የሚሄዱት ፈጣን ባቡሮች የሚነሡት ከሌላ ጣቢያ ነው፣ በመሸጋገሪያ ድልድይ ይደረሳል። የባቡር ወይም የአውሮፕላን ትኬት ስትገዙ ፍራንክፈርት የሚል ቃል ብቻ አይታችሁ አትክፈሉ፤ በፖላንድ ድንበር ላይ በኦደር ወንዝ ዳር ሌላ ፍራንክፈርት አለ፣ ፍራንክፈርት ሃን የሚባለው አየር ማረፊያ ደግሞ ከትልቁ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል።

ወላጅ ብቻውን ሲጓዝ የዊልቸር አገልግሎት መጠየቅ የተለመደ ነው፤ ከበረራው ቢያንስ 48 ሰዓት አስቀድሞ ለአየር መንገዱ ከተነገረ ያለ ክፍያ ይሰጣል። መራመድ ለማይችል ሰው የተዘጋጀውን አገልግሎት ቋንቋ ስላልቻልን ብቻ መውሰዳችን ደስ አይለኝም፣ ሆኖም እናት በማታውቀው አገር ከምትጠፋ ይሻላል ብዬ ባለፈው ዓመት ለእናቴ ልጠይቅላት ስል እሷው ተቆጣች። «እግሬ ደኅና ሆኖ ሳለ ማን ነው ወንበር ላይ የሚያስቀምጠኝ?» አለች። የላቲን ፊደል ስለማታነብ በአንድ ነጭ ወረቀት ላይ ኤንና ዜድን በትልቁ ሣልኩላት፤ ኤን «መሰላል»፣ ዜድን «መብረቅ» ብላ ስም አወጣችላቸው። ከሥሩ የበረራውን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ጻፍኩ፣ ሰሌዳው ላይ የሚታየውንም ቁጥር አጠገቡ አሰፈርኩ፣ ፍራንክፈርት በክረምታቸው ከእኛ በሁለት ሰዓት በበጋቸው በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ የእጅ ሰዓቷን አውሮፕላኑ ውስጥ እንድታስተካክል ነገርኳት። የአየር ማረፊያው ዋይፋይ ነፃና የሰዓት ገደብ የሌለው ስለሆነ ከመነሣቷ በፊት ስልኳ ላይ እንዴት እንደሚከፈት ሦስት ጊዜ አለማመድኳት።

የዚያን ቀን ጠዋት ስቶክሆልም ሆኜ ስልኬን እያየሁ ስጠብቅ ደወለች። ፍተሻውን ጨርሳ፣ ወረቀቱን ለአንዲት የጽዳት ሠራተኛ አሳይታ፣ ሠራተኛዋም እስከ አሳንሰሩ ሸኝታት፣ ገና አንድ ሰዓት ተኩል ይቀራት ነበር። «መሰላሏን አልፌ ላይ ወጣሁ፤ አሁን መብረቋ ሥር ተቀምጫለሁ» አለችኝ፤ ስልኩን አዙራም ከራሷ በላይ የተሰቀለችውን ዜድ አሳየችኝ።